ስለ ዘጠኝ ሰዓቱ ባክአፕ፣ ለኮምፒውተር ክፍሉ ኃላፊ

ለተከበሩ አቶ ወልደኢየሱስ፣
የሐኪም ቤቱ የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ፣
ጎንደር

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? በራስዎ ሐኪም ቤት እንደማይታከሙ ስለማውቅ፣ ደህና ለመሆንዎ ጥርጥር የለኝም። እኔ አምና የሕሙማን መዝገብ የሚቀመጥበትን ዳታቤዝ ተክዬልዎት የሄድኩት አስናቀው ነኝ። እናቴ ወይዘሮ ይርገዱ ደግሞ ፔኒሲሊን እንደማይስማማት በዚያው መዝገብ በቀይ የተጻፈላት ሴት ናት። ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

፩. ለመዝገቡ ብቻ ተብሎ በተገዛው ፈጣን ዲስክ ላይ የግቢውን የካሜራ ቪዲዮ ስለጨመሩበት አመሰግናለሁ። ቪዲዮው ቀኑን ሙሉ ሲጻፍ መዝገቡ ወረፋ ይጠብቃል፤ ዘበኛው ሲያንቀላፋ ግን ጥርት ብሎ ይታያል።

፪. ፋይል በተነበበ ቁጥር የተነበበበት ሰዓት ዲስኩ ላይ እንዲጻፍ የሚያደርገውን ቅንብር አጥፍቼው ነበር፤ መልሰው ስላበሩት እጅ እነሣለሁ። ለቁጥጥር ይበጃል ብለዋል አሉ፤ ማን ምን እንደተቆጣጠረበት እስካሁን አልሰማሁም።

፫. ባክአፑ፣ ማለት የመዝገቡ መጠባበቂያ ቅጂ፣ ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት ይነሣ ብዬ በማስታወሻዬ ጽፌ ነበር። እርስዎም ቃሌን አክብረው ዘጠኝ ቁጥርን አስገቡ። መዝገቡን የያዘው ሰርቨር ግን የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ነውና፣ መላውን መዝገብ መገልበጥ የሚጀምረው ጠዋት በሦስት ሰዓት፣ ከሳንጃና ከአይከል የመጣው በሽተኛ ካርድ ክፍሉን ሲሞላው ነው። ነርሷ እንኳየሁ በዚያ ሰዓት መዝገብ አልከፈት ይላል ብላ ደጋግማ በጽሑፍ ብታሳውቅዎ ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። እኔም ጥፋት አለብኝ፤ ዲፕሎማዎን ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ሳይ፣ የሀበሻን ሰዓት ከፈረንጅ ሰዓት ለይተው ያውቃሉ ብዬ አመንኩ።

እናቴ ራሷን ስታ የመጣችው በዚሁ በሦስት ሰዓት ነው። እኔ ከአይከል ስመጣ መንገድ ላይ ነበርኩ፤ ያመጧት ጎረቤታችን አያ አዳነ ፔኒሲሊን እንደማይስማማት አያውቁም። ሐኪሙ መዝገቧ እስኪከፈት ሃያ ደቂቃ ጠበቀ። አያ አዳነ «ምነው ልጆቼ፣ ሴትዮዋ እያለቀች እኮ ነው!» ብለው ሲጮኹ፣ ሐኪሙ በእጁ ያለውን መድኃኒት ወጋት። ፔኒሲሊን ነበር።

ሐኪሙን አልወቅስም። እርስዎን ግን እጠላዎታለሁ፤ ይህን በትሕትና የምጽፍበት ቃል አላገኘሁም።

አንዲት ቁጥር ለመለወጥ ጊዜ ላጡት ለእርስዎ፣ ወንበርዎን ያጽናልዎ እያለ ከወገቡ ዝቅ ብሎ እጅ የሚነሣ፣
አስናቀው ምንዳዬ

ተጨማሪ፦ ካርድ ክፍሉ በዚያ ቀን መዝገባቸው ያልተከፈተላቸውን ሁሉ እየጠራ መሆኑን ሰምቼ ትጋትዎን አደነቅሁ። ለእናቴም ተደውሎ፣ መዝገቧ ስለተከፈተ የትኛው ቀን እንደሚመቻት ተጠየቅሁ። አርባዋን አውጥተን ከቤተ ክርስቲያን እየተመለስን ነበር።