ዋሳችን የከፈሉት የመብራት ቢል

ይድረስ ለወንድሜ ለጃዕፈር፤ ጅጅጋ።

አሰላሙ ዓለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱሁ። እንዴት ከረምክ? ጨጓራህስ ተሻለህ ወይስ አሁንም ጠዋት ጠዋት ያነድድሃል? ራያና ልጆቹ እንዴት ናቸው? ትንሹስ መራመድ ጀመረ? እኛ አልሐምዱሊላህ በሕይወት አለን። እማ ጉልበቷን ይዟት ከብርዱ ጋር ትታገላለች፤ የሱሉልታ ውርጭ ዘንድሮ ጠንክሮ ሣሩ በረዶ የተነሰነሰበት መስሎ ያድራል። ስምህን ሳታነሳ የምትውልበት ቀን የለም። ልጄ ሬሐና ሰባተኛ ክፍል ገብታለች። አምና ትምህርቷ በተደጋጋሚ ስለተቋረጠ ትንሽ ወደ ኋላ ቀርታለች፤ ግን ጎበዝ ናት።

የማወጋህን ነገር በስልክ ልነግርህ ሦስት ጊዜ ደውዬ ነበር። አንዴ መስመሩ ተቆረጠ። ሁለቴ ግን የዘጋሁት እኔው ነኝ። አሁን ሀሰኖ ጨርቅ ይዞ ወደ እናንተ እንደሚወርድ ስሰማ፣ ተቀምጬ ብጽፈው ይሻላል አልኩ።

ሱቁን ስከፍት ሰፈራችን የመንግሥት መብራት እንዳልደረሰው ታውቃለህ። አንድ የግል ድርጅት ትልቅ ጀኔሬተር ተክሎ ለስልሳ ያህል ቤት መስመር ዘርግቶ ነበር። ቤታችን ካርታ ስለሌለው ማስያዣ ብቻ አልበቃቸውም፤ የመሬት ደብተር ያለው ዋስ አምጪ አሉኝ። ለእኔ፣ በዚህ አገር ለመጤዋ፣ ማን ዋስ ይሆነኛል? ወተት የሚያስረክቡኝ ገበሬ ኦቦ ዱቤ ናቸው የሆኑልኝ። ፊደል ስላልቆጠሩ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አተሙ። “ወተቴ በፍሪጅ ማጣት እንዳይበላሽብኝ ነው እንጂ ላንቺ ብዬ እንዳይመስልሽ” ብለው ቀለዱብኝ። እኔም በዚያ መብራት ፍሪዘሬን እያሠራሁ ወተቱንም እርጎውንም ስሸጥ ኖርኩ።

አምና በኅዳር በአዲስ አበባው ማስተር ፕላን የተነሳው ተቃውሞ እኛም ዘንድ ሲደርስ መንገድ ተዘጋ፤ ናፍጣ አልገባ አለ። ጀኔሬተሩ አንድ ቀን ሠርቶ ሁለት ቀን ይተኛ ጀመር። ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ጨርሶ ዝም አለ። ብዙም ሳይቆይ ድርጅቱ ከሰረ ተባለ፤ ቢሮውም ተዘጋ። የኅዳርንና የታኅሣሥን ሒሳብ አልከፈልኩም ነበር። ምን ላድርግ ብዬ ስጠይቅህ፣ “የሞተ ድርጅት ከመቃብር ተነስቶ አይጠይቅሽም፤ ዝም በይ” አልከኝ። አንተን መውቀሴ አይደለም ወንድሜ። ምክሩ ለራሴም ስለጣመኝ ነው የሰማሁህ። ዋስ እንዳለኝ ግን ለአንተ አልነገርኩህም፤ እኔም አላሰብኩት።

ክረምቱን ነገሩ እንደገና ሲከፋ እማንና ሬሐናን ይዤ ኮልፌ ዘመድ ቤት እንደሰነበትኩ ታውቃለህ። በጥቅምት መጨረሻ ተመልሼ ሱቁን ስከፍት፣ በፊት በቀን አሥራ ሁለት ሊትር የሚያመጡልኝ ኦቦ ዱቤ አምስት ሊትር ብቻ ይዘው መጡ። ምነው ብላቸው “አንዷ ነጥፋለች” አሉኝ። ሲናገሩ ግን መሬት መሬቱን ነበር የሚያዩት። ስለ ልጃቸው ጭንቀት መስሎኝ ተውኳቸው። ልጃቸው ዳና የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ በታወጀ ሰሞን ከብዙ የሰፈር ወጣቶች ጋር ተወስዶ፣ ያለበት እንኳ በውል አይታወቅም ነበር።

አንድ እሑድ ስኳርና ዘይት ይዤ ሚስታቸውን አዴ ገለቴን ልጠይቅ ሄድኩ። በረቱ ውስጥ የቀይዋ ላም ቦታ ባዶ ነው። “ቀይዋስ የታለች?” አልኳት። አዴ ገለቴ “መብራትሽ በላት” አለችኝ። አልገባኝም። ጓዳ ገብታ በፌስታል የተጠቀለለ ወረቀት አምጥታ እጄ ላይ አስቀመጠችው።

ጃዕፈር፣ የመብራቱ ቢል ነበር። ጀኔሬተሩ ዝም ካለ ከአሥር ወር ገደማ በኋላ የተጻፈ፣ “የመጨረሻ ሒሳብ” የሚል፣ ማኅተም ያረፈበት። ዘጠኝ ሺህ ሦስት መቶ ብር ይላል። አምፖል ያልበራበትን ጥርንና የካቲትን በግምት አስልተውታል፤ መቀጫም ጨምረውበታል። በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ካልተከፈለ ዋሱ ፍርድ ቤት ይቀርባል ይላል። መልእክተኛው ሱቄን ዝግ ቢያገኘው ለዋሴ ሰጥቶ ሄደ። እሳቸውም ወረቀቱን ለሰው አስነብበው፣ ለእኔ ሳይነግሩ፣ ቀይዋን የወተት ላም ከዋጋዋ በታች ሸጠው ከፈሉ።

ያን ቀን እንዴት ቤቴ እንደገባሁ አላውቅም። ለእማ ስነግራት፣ “ሰውየው ያተሙት ጣታቸውን ነው፤ አንቺ ግን የሸጥሽው አንገታቸውን ነው” አለችኝ።

በማግስቱ ሳህሉን ፈልጌ አገኘሁት። ሳህሉ የድርጅቱ ቆጣሪ አንባቢ የነበረው ነው። የየወሩን ንባብ የጻፈበትን ደብተር አልጣለውም። የእኔ ቆጣሪ ታኅሣሥ አሥራ ስድስት ላይ የቆመበት ቁጥር በእጁ ጽሑፍ ተመዝግቧል። እውነተኛው ዕዳዬ ሁለት ሺህ አንድ መቶ ነው፤ ማስያዣዬ አንድ ሺህ አምስት መቶ ሲቀነስለት ስድስት መቶ ብር ብቻ ይቀረኛል። ሳህሉ ራሱ የሦስት ወር ደመወዝ ቀርቶበታል፤ ሆኖም ሥራውን ትቶ ደብተሩን ይዞ አብሮኝ አዲስ አበባ ወረደ።

የከሰረውን ድርጅት ዕዳ እንዲሰበስብና ሒሳቡን እንዲያጣራ የተሾመው እስራኤል የሚባል ወጣት ነው። ክፉ ሰው አይደለም። ደብተሩን አገላብጦ አየና፣ “እህቴ፣ የከፈልሽው አንቺ አይደለሽም። አቤቱታውን መፈረም ያለባቸው የከፈሉት ሰው ናቸው” አለኝ።

ኦቦ ዱቤን መለመን ከበደኝ። ስነግራቸው እጃቸውን አወናጨፉ፤ “አልቋል፣ ኢንታላ ኮ፣ ወረቀት አትቀስቅሺ” አሉኝ። በእሳቸው ቋንቋ ልጄ ማለታቸው ነው። ሁለት ቀን ተመላለስኩ። በሦስተኛው ቀን አዴ ገለቴ ጋቢያቸውን አምጥታ ትከሻቸው ላይ ጣል አደረገችና “ሂድ” አለቻቸው።

እንጦጦ ላይ ፍተሻ ነበር። ሁላችንም ከሚኒባሱ ወርደን ተሰለፍን። ወታደሩ መታወቂያ ሲጠይቃቸው ኦቦ ዱቤ ባርኔጣቸውን አውልቀው በሁለት እጃቸው ሰጡት። ያኔ እንመለስ ልላቸው ምንም አልቀረኝም ነበር።

ቢሮው ውስጥ እስራኤል፣ “አባባ፣ ጥር ላይ መብራት እንዳልነበረ እያወቁ ለምን ሳይጠይቁ ከፈሉ?” አላቸው። እኔ ለቃላቸው ብለው ይመስለኝ ነበር። ኦቦ ዱቤ ባርኔጣቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው እንዲህ አሉ፦ “ልጄ እጃቸው ላይ ነው። ማኅተም ያለው ወረቀት ሲመጣ የማን እንደሆነ አልለየሁም። እምቢ ካልኩ በእሱ ላይ ይብሱበታል፤ ከከፈልኩ ምናልባት ይለቁልኛል ብዬ ነው።” እስራኤል ቢሉን ወደ ራሱ ስቦ ማረም ጀመረ። ሳህሉ ወደ መስኮቱ ዞረ። እኔ ያን ቃል የሰማሁት ለመጀመሪያ ጊዜ እዚያ ነው፤ እስከ ዛሬም ከጆሮዬ አልወጣም።

ቢሉ ተስተካክሎ ስድስት መቶ ሆነ። የተረፈው ድርጅቱ ለኦቦ ዱቤ ያለበት ዕዳ ተብሎ ተመዘገበ። ነገር ግን ለድርጅቱ የቀረው ንብረት ያ የዛገ ጀኔሬተር ብቻ ነው፤ ከፊታቸውም ባንኩና ሠራተኞቹ ተሰልፈዋል። እስራኤል “ይደርስዎታል ብዬ አልዋሽዎትም” አላቸው። ስለ እውነቱ አመሰገኑት።

ላሟ ታርዳለች፤ ላስመልሳት አልችልም። ፍሪዘሬን ሸጥኩ፤ ካጠራቀምኩት ጨምሬበት ከጫንጮ ገበያ ያረገዘች ጊደር ገዛሁ። ገመዷን ይዤ ደጃቸው ስደርስ ኦቦ ዱቤ ተቆጡ። “ካሳ ጠየቅኩሽ እንዴ?” ብለው ፊታቸውን አዞሩብኝ። ቆሜ ቀረሁ። አዴ ገለቴ መጥታ ገመዱን ከእጄ ተቀብላ በረት ውስጥ አሰረቻት። ትንሽ ቆይተው እሳቸውም ተነሱና ውኃ አመጡላት።

ወንድሜ፣ ይህን የምጽፍልህ ገንዘብ እንድትልክልኝ አይደለም፤ እንዳትልክ። አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ። ለኦቦ ዱቤ በራስህ እጅ ደብዳቤ ጻፍላቸው። ምን ብለህ እንደምትጽፍ አንተ ታውቃለህ፤ አነብላቸዋለሁ። ዳና እስካሁን አልተመለሰም። አንድ የተፈታ ልጅ በሕይወት አይቼዋለሁ ብሏቸው ከዚያ ወዲህ ትንሽ እህል ይቀምሳሉ። በሶላትህ አትርሳው።

እማ ራያን በጣም ሳምልኝ፣ ልጆቹንም ግንባር ግንባራቸውን ትላለች፤ ጉልበቷን የሚያሞቅ ቅባት ካለም በሀሰኖ በኩል እንድትልክላት ጠይቃለች። ሬሐና ለትንሹ የሠራችውን የክር ኳስ ልካለች። ሳህሉም ሳያውቅህ ሰላም ብሎሃል። ትናንት ማታ ለወንድሜ ልጽፍ ነው ስላት አዴ ገለቴ፣ “ወንድም አለሽ እንዴ? እንግዲያስ ሰላም በይልኝ። እናቱን አደራ በይው፤ ልጅ በሕይወት እያለ ድምፁ ሊጠፋ አይገባም” አለችኝ።

እህትህ ራቢአ
ሱሉልታ፣ ታኅሣሥ ፲፰ ቀን ፳፻፱ ዓ.ም.