ግድግዳ የማያቆመው ኪቦርድ

ሰኞ፣ ጥቅምት 17 ቀን 2001

ዛሬም ዝናብ። ጥቅምት ተጋምሶ ይህ ሁሉ ውሃ ከየት ይመጣል? ባጃጁ ጭቃ ረጨብኝ፤ ቢሮ ስደርስ ቀሚሴ ነብር መስሏል።

ጠረጴዛዬ ላይ ደብዳቤ ጠበቀኝ። ዓርብ ዕለት እኔው የጻፍኩት! «ወ/ሮ ሰርካለም የገምጋሚ ኮሚቴ አባል ሆነው ተመድበዋል።» በገዛ እጄ ራሴን ኮሚቴ ውስጥ ከትቼ ለሁለት ቀን አላወቅኩም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በጸሐፊነት የኖርኩት እንዲህ ነው… ጣቴ ይጽፋል፣ እኔ አላነብም።

ነገሩ ይኸው ነው። አንድ አቅራቢ ከአዲስ አበባ ሁለት ሽቦ አልባ ኪቦርድና ማውስ ለናሙና አምጥቷል። ጥሩ ከሆኑ ለመምሪያችን ሠላሳ ሊገዛ። ኮሚቴው ሦስት ነን፦ እኔ ተጠቃሚ፣ ሶፊ የኮምፒውተር ባለሙያ፣ ሻንቆ የግዢ ሠራተኛ።

«እትዬ ሰርኬ፣ ለአንድ ኪቦርድ ሦስት ሰው?» አለችኝ ሶፊ።

«ለሁለት ነው» አልኳት።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18

ካርቶኑ ኮሚቴው ባለበት ተከፈተ። ከውስጡ በገመድ የምትሰካ ትንሽ ሳጥን ወጣች። ሻንቆ ፊቱ ተቀየረ። «ይሄ ምንድነው? ሽቦ አልባ ነው የተባለው፤ ሽቦ አለው!» ሶፊ አስረዳችው… ሳጥኗ ከኮምፒውተሩ ጋር ናት፣ ኪቦርዱ ግን ነፃ ነው፣ የሚሠራው በሁለት ባትሪ ነው። «ይሁን፤ በቃለ ጉባኤ ይያዝ» አለ። ተያዘ።

አንዱ የኔ ጠረጴዛ ላይ ሆነ። ሁለተኛውን የመምሪያ ኃላፊያችን አቶ ደገፉ ወሰዱት። «አመራሩ ከቴክኖሎጂ ወደ ኋላ መቅረት የለበትም!»

የሳቸው ጠረጴዛና የኔ ጀርባ ለጀርባ ናቸው። መሐላችን ያለው ግድግዳ ተብዬው ኮምፔርሳቶ የሚሉት ስስ እንጨት ነው። ሲያስነጥሱ «ይማርዎት» የምለው ከወንበሬ ሳልነሳ ነው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20

የመጀመሪያ ስብሰባ። ለዕቃ የሚሆን መገምገሚያ ቅጽ የለንም። ሻንቆ «ቅጽ የሌለው ግምገማ ኦዲት አይቀበለውም» ብሎ ድርቅ አለ። ያለን የሠራተኛ የሥራ አፈጻጸም መሙያ ቅጽ ብቻ… በሱ ተሞላ!

«በሥራ ሰዓት ይገኛል?» ብሎ አነበበ ሻንቆ፣ ሳቅ የለ ምን የለ።

«መብራት ቢጠፋም እሱ ባትሪ አለው» አለች ሶፊ።

«ከኛ ይሻላል። አራት። ከባልደረባ ጋር ተግባብቶ ይሠራል?»

«ገና ሁለት ቀኑ ነው እኮ!»

«ሦስት። ደካማ ጎን?»

ሶፊ ኪቦርዱን ገልብጣ አየችው።

«ደካማ ጎን የሌለው ሰው የለም። ባዶ ከተተወ ተሸፋፍኖ አለፈ ይባላል።»

በመጨረሻ ቁልፎቹ ሲነኩ ድምፅ ስለሌላቸው «ዝምተኛ ነው፤ ሐሳቡን በግልጽ አያቀርብም» ብለን ጻፍን። ፈረምን። የሰው ስም የነበረበት ቦታ ላይ «ኪቦርድ» ተብሎ ተሞልቷል። ሳቄን ሽንት ቤት ገብቼ ነው የጨረስኩት።

ሰኞ፣ ጥቅምት 24

በስመ አብ! ማውሱን ሳልነካው ቀስቷ ብቻዋን ትሄዳለች። ትንሽ ወደ ላይ… ታነሳለች… ታች ትጥላለች… ተመልሳ ትሄዳለች። እየጻፍኩ ሳለሁ መስመሬን ትዘላለች፤ ቀኑን የጻፍኩት ሰላምታው መሐል ገባ። ሶፊን ጠራኋት። እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ትክ ብላ አየች።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ ካርታ ነው።»

«የምን ካርታ?»

«የኮምፒውተር ካርታ ጨዋታ። አያነሳም፣ አይደረድርም?»

ይህን ስትል ከግድግዳው ማዶ «ቲሽ! ይሄ ንጉሥ!» የሚል የአቶ ደገፉ ድምፅ መጣ።

ተያየን። አግዳሚው ላይ ከጠዋት ጀምሮ ከተበላ ከተማ የመጡ አባት ቁጭ ብለዋል። «ስብሰባ ላይ ናቸው» ያልኳቸው እኔ ነኝ። ያልኩት ደግሞ አምኜ ነው!

ሶፊ በሹክሹክታ አስረዳችኝ። ሁለቱ ኪቦርዶች የሚጠቀሙት ሞገድ አንድ ነው። ሳጥኖቹ የማን እጅ እንደነካ አይለዩም። የሳቸው ወደኔ፣ የኔ ወደሳቸው ይሄዳል። «ትልቅ ጉድለት ነው፤ ልጻፈው» አለች።

«እንዴት አወቃችሁ ቢሉንስ? ካርታ ሲጫወቱ አየን ልንል?»

እሷም አልጻፈችም፤ እኔም አልጻፍኩም። ኮሚቴ ማለት እንዲህ ነው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 3

ከሰዓት ለአረካ የሚላክ ደብዳቤ ልጀምር ባዶ ገጽ ከፈትኩ። ከኔ በፊት ተጀመረ። አንድ ፊደል… ቆየት ብሎ ሌላ ፊደል። አቶ ደገፉ በሁለት ጣታቸው እየጻፉ ነው። ራሳቸው! የመምሪያው ደብዳቤ ሁሉ በኔ እጅ ነው የሚያልፈው፤ ዛሬ ምን ተገኘ?

«ጉዳዩ፦ ተንሳፋፊ ሠራተኛን ስለማሳወቅ።»

ቢፒአር የሚሉት የአሠራር ለውጥ ከመጣ ጀምሮ ይህን ቃል የሚፈራ እንጂ የማያውቅ የለም። አዲሱ መዋቅር ውስጥ ቦታ ያጣ ሠራተኛ ተንሳፋፊ ይባልና ወደ ወረዳ ይገፋል። የማን ስም ይሆን? ጠበቅኩ። ፊደሎቹ አንድ በአንድ መጡ… ሰ… ር… ካ…

«…በቅርቡ በጽሑፎቿ ላይ ስህተት ስለበዛ፣ ለአዲስ ቴክኖሎጂም ዝግጁ ስላልሆነች ወደ ገሱባ እንድትዛወር…»

ስህተቱ የማን ነው? እሳቸው ካርታ ባነሱ ቁጥር የኔ መስመር ሲዘል አልነበር?

እግዜር ያሳያችሁ፣ ያኔ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ደብዳቤው ቁጥርና ቀን የለውም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቁጥር የሌለው ደብዳቤ ከእጄ ወጥቶ አያውቅም። ጣቴ ሳያማክረኝ ቀጣዩን ቁጥርና የዛሬን ቀን ጻፈ። ለራሴ ማባረሪያ መዝገብ ቁጥር ሰጠሁት!

ከማዶ «ወይ ጉድ!» ሲሉ ሰማሁ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 4

ጠዋት ሰበሰቡን። ፊታቸው እንደ ሙሽራ ያበራል።

«ይህ ዕቃ ተራ ዕቃ አይደለም። ደብዳቤ ስትጀምሩ ቁጥሩን ራሱ ይሞላል! ያውም ትክክለኛውን! መዝገቡን አይቼ አረጋግጫለሁ። ሠላሳ አይበቃም፤ ስልሳ ይሁን።»

ሻንቆ ስልሳን ጻፈ። ሶፊ ወደኔ አየች። እኔ ወደ ኮርኒሱ።

ቤት ለባሌ ለቦጋለ ነገርኩት። የተማሪ ደብተር እያረመ ነበር፤ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ልጃችን በእምነት ዘንድሮ የአሥረኛ ክፍል ተፈታኝ ናት። የገሱባ መንገድ በዚህ ዝናብ… በሳምንት አንዴ ብመጣ ነው።

«ሂጂና ንገሪያቸው» አለኝ።

«ምን ብዬ? ምስጢር አነበብኩ ብዬ?»

«መጥቶብሽ ነው እንጂ ፈልገሽ ሄደሽ ነው?»

«ይህን ለዲስፕሊን ኮሚቴ አንተ አስረዳልኝ።»

ባሎች ጀግና የሚሆኑት በሚስት መሥሪያ ቤት ነው።

ዓርብ፣ ኅዳር 5

ደብዳቤውን እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩት። የረቡዕን ማስቀመጥ ረስተዋል ማለት ነው። ባዶ ገጽ ከፍቼ ጠበቅኩ። ስሜ ላይ ሲደርሱ አጠፋሁት። ጻፉ። አጠፋሁ። ጻፉ። አጠፋሁ።

ከማዶ ወንበር ተንቋቋ።

ከዚያ ሌላ ስም መጣ። ሶፊ።

ጣቴን አነሳሁ። አላጠፋሁትም። ደስ አለኝ። ማንም አያነበውምና ልጻፈው… ደስ አለኝ። እሷ ወጣት ናት፣ ትችለዋለች፣ ገሱባ ሩቅ አይደለም አልኩ። ትናንት ለቦጋለ የዓለም ጫፍ ነው ያልኩት ገሱባ!

አሥር ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ፤ ደብዳቤውም አብሮ ጠፋ። እስከ ሰኞ ድረስ ገሱባ የማንም አይደለችም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

ገበያ ሶፊን አገኘኋት። የሰባት ወር ልጇን አዝላለች። «እትዬ ሰርኬ፣ እናቴ የላከችው ነው» ብላ ሁለት ትልልቅ የቦዬ ሥር ዘንቢሌ ውስጥ ከተተችልኝ። ልጅቷ ሳቀችልኝ። ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

ቦዬውን ቀቀልኩት። አልበላሁም።

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ሦስት ሰዓት ላይ ጀመሩ። ሶፊ ብለው ጻፉ። አጠፋሁ። ጻፉ። አጠፋሁ። አራት ጊዜ።

በሩ ተበረገደ። «ሰርካለም! ሶፊን ጥሪልኝ! ኮምፒውተሬ ቫይረስ ገብቶታል። ስም ይበላል!»

ሶፊ ገባች። እኔ በኮምፔርሳቶው በኩል እሰማለሁ።

«የማንን ስም ነው የሚበላው አቶ ደገፉ?»

«የ… የማንንም።»

«እስቲ ይጻፉት ልየው።»

የኔ ገጽ ላይ «ሻንቆ» የሚል ስም መጣ። አልነካሁትም።

«አየሽ? ይሄን አይበላም! ይመርጣል!»

«እሺ የሚበላውን ይጻፉት እንጂ።»

መቼም ስሟን ፊቷ ይጽፉታል አላልኩም። ቴክኖሎጂው ግን ልባቸውን አጥፍቶታል… ጻፉት! እኔም ከድንጋጤ እጄን ማንሳት አልቻልኩም። ስሙ እዚያው ቀረ።

«እኔ ነኝ?» አለች ሶፊ። ድምፅዋ ቀጠነ። «ምኑ ነው? ተንሳፋፊ… እኔ ነኝ?»

«ገና ረቂቅ ነው።»

«ልጄ ሰባት ወሯ ነው አቶ ደገፉ። እየጠባች ነው።»

ተነሳሁ። ሳላንኳኳ ገባሁ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት የመጀመሪያዬ ነው።

«ቫይረስ አይደለም። እኔ ነኝ የማጠፋው» አልኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ሞገዱን፣ የኔን ስም፣ ዓርብ የሶፊን ስም አይቼ ዝም ማለቴን። ይህን ስል ሶፊን አላየኋትም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታነቢው?»

«ከካርታው ጀምሮ።»

ጆሯቸው ቀላ። ወዲያው ራሳቸውን ሰበሰቡ። «የመሥሪያ ቤት ምስጢር ነው! ያስቀጣል!»

«ያስቀጣል። ጉድለቱን ባየሁ ቀን አለመጻፌም ያስቀጣል። ግን አቶ ደገፉ፣ ሁለት ኪቦርድ ብቻ እያለ እኔ የእርስዎን አነበብኩ። ስልሳ ሲሆን የእርስዎን ስንት ሰው ያነበዋል?»

እጃቸውን ከኪቦርዱ ላይ ቀስ ብለው አነሱ፤ ከጋለ ምጣድ ላይ እንደሚነሳ። ከዚያ በተሰበረ ድምፅ…

«ቁጥሩንም… ቁጥሩንም የሞላሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

ከካርታውም ከምስጢሩም ይበልጥ ያዘኑት በዚህ ነው። እውነቴን ነው፣ አሳዘኑኝ።

ስንወጣ ሶፊ ኮሪደሩ ላይ ቆመች። «ዓርብ ዝም አልሽ?» አለችኝ።

«አዎ።»

«ዛሬ ግን ገባሽ።» ይህን ብላ ወደ ክፍሏ ሄደች። ይቅርታ ነው? አላውቅም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

የግምገማ ውጤት። ያለ ቅጽ፣ በሦስት መስመር ጻፍኩት። «ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሠሩ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ይነበባል፤ ይጠፋልም። ለቢሮ ሥራ አይሆንም። አይገዛ።»

ሻንቆ አቅማማ። «‹ያረጋገጠው› የሚል ቦታ አለ።»

«ስሜን ጻፍ።»

«እንዴት አረጋገጥሽ ብለው ይጠይቁሻል እኮ እትዬ!»

«ይጠይቁኛ።»

ሶፊም ፈረመች። ከሰዓት አቶ ደገፉ በቃል እየነገሩኝ ለዞኑ አስተዳደር ጻፍኩ፦ «በመምሪያችን ተንሳፋፊ ሠራተኛ የለም።» እየነገሩኝ መስኮቱን ነበር የሚያዩት።

ሐሙስ፣ ኅዳር 18

የዞኑ መልስ መጣ። እንደወትሮው እኔ ከፈትኩት፤ ዛሬ ግን አነበብኩት። «ተንሳፋፊ የለም ያላችሁበት፣ የእያንዳንዱ ሠራተኛ ሥራ በሰዓት ተዘርዝሮ፣ በቃለ ጉባኤ ተደግፎ ይቅረብ። ካልሆነ ዞኑ ራሱ ይመድባል።» ራሱ ከመደበ ወይ እኔ ነኝ፣ ወይ ሶፊ።

ከሰዓት ተሰበሰብን። አቶ ደገፉ እንደልማዳቸው ወደ ሰብሳቢው ወንበር ሲሄዱ ሻንቆ ጉሮሮውን ጠረገ። ሻንቆ! «የእርስዎም ሥራ ስለሚዘረዘር ሰብሳቢ መሆን አይችሉም። ኦዲት አይቀበለውም።»

«እና ማን ይሁን?»

«እትዬ ሰርኬ» አለች ሶፊ። ከዚያ ሰኞ ወዲህ ስሜን ስትጠራ የመጀመሪያዋ ነው።

ወንበሩ ረጅም ነው፤ እግሬ መሬት በደንብ አይነካም። ቃለ ጉባኤ የሚይዝ ጠፋ። ስይዝ የኖርኩት እኔ ነበርኩ… ሁሉም ወደ አቶ ደገፉ አየ። ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጠናቸው።

«አጀንዳ አንድ» አልኩ። ድምፄ እንዳሰብኩት አልተንቀጠቀጠም። «ከላይ እንጀምር። አቶ ደገፉ፣ ጠዋት ከሁለት ተኩል እስከ አራት ሰዓት የሚሠሩት ሥራ ምንድነው?»

እስክሪብቶው ቆመ።

«ቀስ በዪ እስቲ» አሉ ቀና ሳይሉ፣ «ገና ቀኑን እየጻፍኩ ነው።»