የአባባ እርምጃ

ይድረስ ለታላቅ እህቴ ለፈድሊያ ሀቢቡላህ፤ ጅዳ።

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ከርመሻል እህት ዓለም? ጤናሽ እንዴት ነው? ያ የወገብሽ ሕመም ተሻለሽ ወይስ አሁንም እንደ ልማድሽ ጥርስሽን ነክሰሽ ትሠሪያለሽ? ባለቤትሽ ጠሃስ? ትንሿ ኡሙልኸይርስ? አማርኛዋ በረታ ወይስ ዓረብኛው ዋጠው? እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ከናፍቆትሽ በስተቀር ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር። ደህና መሆን አለመሆኔን ግን አንብበሽ ስትጨርሺ አንቺው ፍረጂ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ መጻፌ አይግረምሽ። ስልኩ የሚያድረውም የሚውለውም እማ ትራስ ሥር ነው። ዓይኗን ሞራ ከጋረደው ወዲህ ጆሮዋ ጉድ ሆኗል፤ ጎረቤት ድስት ሲከፈት ይሰማታል። እሷ እየሰማች ይህን ላወራሽ አልችልም። ስለዚህ ጓደኛዬ ፋሂም ለዑምራ ሲመጣ በእጁ እንዲያደርስልሽ ሰጠሁት። ቁጭ ብለሽ፣ ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

እግሬ እንዴት እንደተሰበረ ስትጠይቂኝ አዳልጦኝ ነው ብዬሽ ነበር። ውሸት አይደለም፤ የት እንዳዳለጠኝ ግን አልነገርኩሽም። አባባን ሰቃ ወስደን፣ ከአያቶቻችን ጎን የቀበርን ቀን ዝናቡ አላባራ ብሎ ነበር። ወንድ ልጁ እኔ ነኝና ከአጎታችን ከሱሌይማን ጋር ጉድጓድ ወርጄ ተቀበልኩት፤ በቀኝ ጎኑ ወደ ቂብላ አስተኛነው፤ በጣውላ ከደንነው። አጎታችን ወጣ። እኔን ከላይ ያሉት ሰዎች እጄን ይዘው «ሱታ፣ ሱታ» እያሉ ቀስ አድርገው ሲስቡኝ የጉድጓዱ አፍ ተናደና ግራ እግሬ ወደ ታች ተመለሰ። ቋ ሲል እዚያ የቆመው ሰው ሁሉ ሰምቶታል። እኔ አልጮህኩም። አባባ ከጣውላው ሥር ተኝቶ እላዩ ላይ እንዴት ልጩህ?

አንድ ሽማግሌ አጠገቡ ላለው ሰው በኦሮምኛ «አባቱ እግሩን ያዘው» ሲለው ሰማሁ። ያኛው ዝም በል ብሎ ተቆጣው። ቃሏ ግን እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣችም።

ግራ እግሬ መሆኑን ልብ አልሽ? አባባም ልጆች ሳለን የቡና ጆንያ ከመኪና ላይ ወድቆ የሰበረው ግራ ቁርጭምጭሚቱን ነበር። ወጌሻ አሽቶ አሰረለት፤ እንደጠመመ ገጠመ። ከዚያ ወዲያ ዕድሜውን ሙሉ እየጎተተው ሄደ። ደቅ፣ ሸርተት። ደቅ፣ ሸርተት። ጨዋታ ላይ ሆነን ያን ድምፅ ከበረንዳው ስንሰማ ደብተር ፈልገን ፊታችን ላይ የምንዘረጋው ትዝ ይልሻል? አንቺ አንድ ቀን በጥድፊያ ገልብጠሽ ይዘሽው ተይዘሻል።

ጀሶው የተፈታልኝ መስከረም መጨረሻ ላይ ነው። እህቴ፣ ከውስጡ የወጣው እግር የኔ አልነበረም። ከስቷል፣ ቆዳው ተቀርፎ አመድ መስሏል፣ ጣቶቹ ወደ ውስጥ ታጥፈዋል። አባባን ስናጥበው እግሩ ላይ ውሃ ያፈሰስኩት እኔ ነኝ፤ ያን እግር አውቀዋለሁ። ሐኪሙ ምነው ፊትህ ተለዋወጠ ሲለኝ ሸተተኝ አልኩት። እሱም መሽተቱ ያለ ነው አለኝና ወደ ፊዚዮቴራፒ ክፍል መራኝ።

እዚያ የተረከበችኝ ያለምወርቅ የምትባል ሴትዮ ናት። ሳቅ አታውቅም፣ ሥራዋን ግን ታውቃለች። በየጠዋቱ እሄዳለሁ። መጀመሪያ እግሬን ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ ታስነክረኛለች። ከዚያ በላስቲክ ታስጎትተኛለች፤ ነፍሴ እስክትወጣ። በአውራ ጣቴ አየር ላይ ሀ ሁ ታስጽፈኛለች። ቁርጥራጭ ጨርቅ በትና በእግር ጣቶቼ ታስለቅመኛለች፤ እንደኔ ያለ ልብስ ሰፊ ቅዳጁን በእግሩ ሲለቅም ብታዪ ሆድሽን ይዘሽ ትስቂ ነበር። በመጨረሻ መስታወት ፊት በሁለት ብረቶች መካከል ታራምደኛለች፤ ተረከዝ፣ ቀጥሎ ጣት፣ ቀና በል፣ መሬት አትይ። ለደረጃ ደግሞ የማትለውጠው ሕግ አላት። ስትወጣ በደህናው እግር ጀምር፣ ስትወርድ በታመመው ጀምር። የኛ ቤት ወለል ደግሞ ከበረንዳው ዝቅ ያለ ስለሆነ መግባት ማለት መውረድ ነው። እኔም እንዳዘዘችኝ ግራዬን እያስቀደምኩ እገባ ነበር።

አሁን ወደ እማ ልምጣ። ደህና ትበላለች እያልኩ በስልክ ስነግርሽ የነበረው ውሸት ነው፤ ይቅር በዪኝ። አባባ ከሞተ በኋላ ምግብ እርም ብላ ነበር። የረሺዳን አጥሚት አንድ ሁለቴ ፉት ትልና ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። ረሺዳን አትረሻትም፣ ጎረቤታችን፤ ከሰዓት ከሰዓት እየመጣች የምታጫውታት እሷ ናት። ጠዋት ግን እኔም ሆስፒታል ስለምሆን እማ ብቻዋን ናት። እውነቱን ልንገርሽ፣ ሁለተኛ ቀብር እየጠበቅሁ ነበር።

ክራንቹን የጣልኩ ቀን ለምሳ ስመለስ በረንዳው ላይ እግሬን እየጎተትኩ ገባሁ። እማ ከጓዳ ሆና «ሀቢቡላህ፣ ደግመህ መጣህ?» አለች። እኔ ነኝ እማ፣ ኸይሩ ነኝ አልኳት። እሺ አለችና «በል ምሳ አቅርብ፣ ለአባትህም አስቀምጥ» ብላ ተነስታ ተቀመጠች። ያን ቀን በላች። በማግስቱም በላች። የራሴን እርምጃ ሳዳምጥ የሰማችውን እኔም ሰማሁት፤ ደቅ፣ ሸርተት። ያው የአባባ ነው። አፈርኩም፣ ደስም አለኝ። እናቴ እየበላች ነው፤ ሌላው የራሱ ጉዳይ አልኩ።

እግሬ ግን መዳኑ አልቀረም። ያለምወርቅ በምታሠራኝ ልክ መጎተቱ እየቀነሰ፣ እርምጃዬ ቀጥ እያለ መጣ። እማ ያን ጊዜ ዝም ማለት ጀመረች። በር በሩን ታዳምጣለች፤ የቀረበላትን ሳትነካ ትመልሳለች። እኔ ምን ላድርግ? ሆስፒታል ቀጥ ብዬ እሄዳለሁ፤ ሰፈራችን ቦሳ ኪቶ ስደርስ ማነከስ እጀምራለሁ። በረንዳው ላይ ሆነ ብዬ እጎትታለሁ። እማም መብላት ጀመረች።

ነገሩ በዚህ ቢቆም ጥሩ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት ረሺዳ በር ላይ ጠብቃ እጄን ይዛ ወደ ጓሮ ወሰደችኝና እናትህ ሂና ተቀብታለች አለችኝ። ገብቼ አየሁ። እጇም እግሯም ቀልቷል፤ ዓይኗን ተኩላለች። ዒዳዋ፣ የሐዘን ጊዜዋ፣ ገና ሳያልቅ፣ ባሏን የቀበረች ሴት ተኩላና ሂና ተቀብታ! ረሺዳ አጠገቤ ቆማ አዑዙ ቢላህ ትላለች። እማ አልተቆጣችም። ቅጠሉን ከጓሮ በዳበሳ ቆርጣ ራሷ መፍጨቷን ነገረችን፤ ቀጥላም በለሰለሰ ድምፅ «ዒዳ የሚቀመጥ ባል የሌላት ናት፤ የኔ ባል ቤቱ ይመጣል» አለች። ረሺዳ ስትወጣ የምታደርገው ነገር ካለ ተው፣ እናትህን አታሳብዳት አለችኝ። ለካ ማነከስ ስጀምር ከመንገድ ላይ አይታኝ ኖሯል።

በዚያው ሰሞን ያለምወርቅ ጫማህን አውልቅ አለችኝ። የግራውን ሶል ገልብጣ አየችና እዚህ ቀጥ ብለህ ትሄዳለህ፣ ይህ ጫማ ግን የአንካሳ ጫማ ነው፤ የት ነው የምታነክሰው ብላ አፋጠጠችኝ። ዋሸኋት፣ አላመነችኝም። መገጣጠሚያህ ገና እየጠነከረ ነው፤ እንዲህ ካስለመድከው እንደዚሁ ይደርቃል፣ ያን ጊዜ እኔ ጋ ብትመጣም አልረዳህም አለችኝ። ፔዳል የምረግጥበት እግር እኮ ነው ፈድሊያ! ልብስ ሰፊ ያለ ቁርጭምጭሚት ምን ይሆናል? በሌላ በኩል ደግሞ እማ። ሳምንቱን ሙሉ እግሬን እና እናቴን እያመዛዘንኩ ከረምኩ። እንዲህ ያለ ነገር ማመዛዘን አላህ አያምጣብሽ።

በመጨረሻ አንጀቴን አስሬ ወሰንኩ። ቀጥ ብዬ በረንዳውን አልፌ፣ ጓዳ ገብቼ፣ እግሯ ሥር ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት። እማ፣ ስትሰሚው የነበረው እኔን ነው፤ መጀመሪያ አሞኝ ነበር፣ በኋላ ግን ለአንቺ ብዬ ነው፤ አባባ አይመጣም አልኳት። እያለቀስኩ ነው የነገርኳት።

እማ ራሴን ዳበሰችኝ። ቃሏን እንዳለ ልጻፍልሽ። «ኢልመኮ፣ ልጄ፣ አንተንና አባትህን መለየት የሚያቅተኝ ይመስልሃል? አንተ በግራህ ነው የምትገባው። አባትህ እግሩ እያመመው፣ መቃኑን ይዞ እያቃሰተ፣ አንድ ቀን በግራው ወደ ቤቱ ገብቶ አያውቅም። ቢስሚላህ ብሎ በቀኙ ነው። ረፋዱ ላይ፣ አንተ ሆስፒታል ሳለህ የሚመጣው በቀኙ ነው የሚገባው።»

በዚያው ቀጠለች። እግርህ ሲቃና እሱም የሚቀር መስሎኝ ፈርቼ ነበር፤ ለኔ ብለህ እንደምታነክስ ሲገባኝ ተው ማለት ነበረብኝ፣ ስለ ፈራሁ ዝም አልኩ፤ አሁን ግን እሱ መምጣቱ አልቀረም፣ አንተ በደህና እግርህ ሂድ አለችኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ አላነክስም። እማ ትበላለች፣ ወዝ ጀምሯታል፤ ብታያት ደስ ይልሽ ነበር። ረሺዳ እርጅና ነው ትላለች። እኔም በቀን እንዲሁ ነው የምለው። ግን አንድ ነገር አለ። አባባ የሚገባው መቃኑን ይዞ እንደነበር እኔ ረስቼው ነበር። እየጎተትኩ ሳስመስል አንድም ቀን መቃኑን አልያዝኩም። ባለፈው ማክሰኞ ከሆስፒታል ስመለስ ግን በቀኝ በኩል መቃኑን ነካሁት፤ ሰው እጁን በሚያሳርፍበት ከፍታ ላይ እንጨቱ ይሞቅ ነበር። ፀሐይ በዚያ በኩል አትመታም። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ያለምወርቅ ትናንት እግሬን ጨብጣ፣ ወደ ላይ ወደ ታች አንቀሳቅሳ፣ ድነሃል፣ ከእንግዲህ አትምጣብኝ አለችኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። እማን ብቻዋን እንዳልተዋት ስፌት ማሽኑን ከገበያ አምጥቼ በረንዳው ላይ፣ በሩ አጠገብ ተክዬዋለሁ። ከሰኞ ጀምሮ ጠዋት ቤት ነኝ። ሰው ሲድን ደስ ይለዋል አይደል? እኔ ግን ፈርቻለሁ እህቴ፣ ሰኞን ፈርቻለሁ። ከቻልሽ ነዪ። ባትችዪም ረፋዱ ላይ ደውዪልኝ፤ ድምፅሽ ጆሮዬ ላይ ይሁን።

በተረፈ የሰቃው ቡናችን ደህና ይዟል፤ አጎታችን ሱሌይማን እያስለቀመው ነው፣ ሰላም ብሎሻል። ረሺዳ ሰላም ብላሻለች፤ ዱዓ አድርጊልን ትላለች። ለጠሃ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። ኡሙልኸይርን ሁለት ጉንጯን ሳሚልኝ፤ አጎትሽ ለዒድ ቀሚስ በራሱ እግር ይሰፋልሻል በያት።

እማ የብዕሩን ድምፅ ከጓዳ ሰምታ ለፈድሊያ ነው የምትጽፈው አለችኝ። አዎ አልኳት። ሰላም በላት፣ አባትሽም ሰላም ብሎሻል በላት፤ ቀብሩ ላይ አልደረስኩም እያለች ሽንት ቤት ገብታ እንዳታለቅስ፣ አልተቀየምኳትም ብሏል በላት አለችኝ። ይህን በፋሂም ስልክ ለኔ ብቻ ነው የነገርሽኝ፤ ለነፍስ አልተነፈስኩም። ልተወው ብዬ ብዕሬን አስቀምጬ ነበር። ግን ሰላምታ አደራ ነውና ይኸው ጻፍኩልሽ።

ወንድምሽ ኸይሩ ሀቢቡላህ
ጅማ፣ ቦሳ ኪቶ
ኅዳር 21 ቀን 2017 ዓ.ም.