ባለ አንድ ዓይኑ ቱሪስት

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

ይሄኛውንም ሸፍኖታል። ድልድዩን ልስል ፎቶውን ባሰፋው፣ ባሰፋው ድልድይ የለም። ያለው አቶ ሌዳሞ ነው። ነጭ ኮፍያ፣ ጥቁር መነጽር፣ ሆድ፣ ከሆዱ ግራና ቀኝ ትንሽ ትንሽ ውሃ።

ንዴቴ እንዲወጣልኝ ከሥሩ ልጻፈው። ሌዳሞ እዚህ ሐዋሳ ፒያሳ ላይ ካፌ አለው። ያለፈውን ክረምት አውሮፓ የምትኖር ልጁ ሩት ዘንድ ከረመ፤ እሷም ከአገር አገር አዞረችው። ዘጠኝ መቶ ፎቶ ይዞ ተመለሰ። ስድስቱን መርጦ የካፌው ግድግዳ ላይ እንድስል ጠራኝ። እኔ የቤተ ክርስቲያን ሰዓሊ ልጅ ነኝ። ሙያውን ጎጃም ከአባቴ ተማርኩ፤ ሐዋሳ ከገባሁ ግን ሃያ ዓመት ሙሉ የምስለው የፀጉር ቤት ጭንቅላት፣ የመድኃኒት ቤት እባብና የምግብ ቤት ዓሣ ነው።

ስድስቱ እነዚህ ናቸው፦ የብረት ማማው፣ የሮም ቤተ ክርስቲያን፣ በረዷማው ተራራ፣ የንጉሡ አትክልት ቦታ፣ ውሃ ላይ የተሠራው ከተማ ከነጀልባው፣ አሁን ደግሞ ይሄ የሌለ ድልድይ። በሁሉም ፊት ተገትሯል። እነዚህን ለማየት ዕድሜዬን ሙሉ ተመኘሁ፤ እሱ ሄዶ ሸፍኗቸው መጣ። ቅናት ነው? አዎ፣ ቅናትም አለበት።

የተራራው ፎቶ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት የተነሣ ነው አለኝ። ፀሐይዋ ቁልጭ ብላለች! ውሸታም ብዬ በልቤ ሰደብኩት። ጎረቤቴን የጂኦግራፊ መምህሩን ብጠይቀው፣ እውነት ነው፣ በዚያ ወራት እዚያ አይመሽም አለኝ። እውነት መናገሩ የባሰ አናደደኝ።

ፊት ለፊት «እርስዎ» እለዋለሁ። ደብተሬ ላይ ግን ማንም ስለማያየኝ እንደፈለግሁ እጠራዋለሁ።

ደግሞም ተበቅዬዋለሁ። በአባቴ ሥራ ጻድቅ ፊቱን ወደ ሰው አዙሮ በሁለት ዓይኑ ያያል። ይሁዳ፣ አጋንንት፣ ጌታን የገረፉት ወታደሮች በጎን ይሳላሉ፤ አንድ ዓይን ብቻ አላቸው። ሌዳሞን በአምስቱም በጎን አዙሬዋለሁ፣ ድልድዩም ላይ አዞረዋለሁ። ጴንጤ ስለሆነ ይሄን አያውቅም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5

ድልድዩ አለቀ። ሌዳሞ ስድስቱንም እየዞረ አየና ትከሻዬን መታ መታ አደረገ። አስተዋይ አስመሰልከኝ፣ ሩቅ የሚያይ ሰው መሰልኩ አለ። ሳቄን ለመዋጥ ብሩሽ ሳጥብ ቆየሁ።

ካፌው ውስጥ ያሉት ወጣቶች ደግሞ ሥዕሎቹ ፊት እየቆሙ ፎቶ ይነሣሉ። ማማውን የሸፈነውን ሰው ይሸፍኑታል። እንደዚህ ያለ ደንበኛ ለእንደዚህ ያለ ባለ ካፌ ይገባዋል።

ባለቤቴ ዘነበች ቡሹሎ በኩል ባለው ጤና ጣቢያ አዋላጅ ናት። ከሥራ ስትመለስ ሥዕሎቹን ልታይ ጎራ አለች። ያደገችው ደብር አጠገብ ነው። ሻይዋን ሳትጨርስ ከግድግዳ ግድግዳ አየች፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ይሄ ሰውዬ ምን በደለህ?» አለችኝ፣ ቀስ ብላ።

ፎቶው እንደዚያ ስለሆነ ነው አልኳት። እስቲ ፎቶውን አሳየኝ አላለችም። ቤት ስንገባ ግን አባቴ ይል የነበረውን አስታወሰችኝ፦ በሕይወት ያለ ሰው በአንድ ዓይን አይሳልም፣ ገና አልተፈረደበትም። ረስቼው አልነበረም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ጠዋት መሪጌታ ደወሉ። ታቦር ተራራ ሥር ያለው አዲሱ ቤተ ክርስቲያናቸው ሰዓሊ ሊመርጥ ነው። ይሄን ስልክ ስምንት ዓመት ጠብቄዋለሁ። ሕንፃው ገና መሠረት ሳለ ጀምሮ እየሄድኩ ግድግዳውን በዓይኔ ስለካ ኖሬአለሁ። ፒያሳ የሠራኸውን ሰው ሁሉ ያወራልሃል፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከኮሚቴው ጋር መጥተን እናየዋለን አሉ።

ደስ ብሎኝ ስልኩን ዘጋሁ። ከዚያ ትዝ አለኝ።

መሪጌታ ካፌው በር ላይ ሆነው ያውቁታል። አንድ ማኪያቶ ሻጭ በስድስት ቦታ ይሁዳ ሆኖ ቆሟል። በሕይወት ያለ ሰው ላይ የሚፈርድ እጅ ቤተ ክርስቲያን ሊስል ነው?

ሮጬ ሌዳሞ ዘንድ ሄድኩ። ራሶቹን ላሻሽላቸው አልኩት። እምቢ አለ። ሩት ዘንድ ልኬዋለሁ፣ ሰውም ወዶታል፣ እንዳትነካብኝ አለ። በጎን ሲታይ አፍንጫዬ ያምራል ብሎ አፍንጫውን አሳየኝ። እንደ አፍንጫ ያለ አፍንጫ ነው።

የቀሩኝ መንገዶች፦ አንድ፣ መታመም። ሁለት፣ ግድግዳው ላይ ቀለም መድፋት። ሦስት፣ እውነቱን መናገር። ሁለተኛውን ብዙ አሰብኩበት።

ዓርብ፣ ጥቅምት 7

ነገርኩት።

ካፌው ባዶ እስኪሆን ጠብቄ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። በእኛ ሥዕል አንድ ዓይን ያለው ኃጢአተኛ ነው፣ ሆን ብዬ ነው ያደረግሁት አልኩት። ምክንያቱንም ነገርኩት፤ ማየት የምፈልገውን ሁሉ ስለሸፈነብኝ ነው። አፍ አውጥቼ ስናገረው የልጅ ምክንያት ሆኖ ተሰማኝ።

ስኳር ያልገባበት ማኪያቶ ሲያማስል ቆየ።

«በስድስቱም?» አለ።

«በስድስቱም።»

ይጮህብኛል ብዬ ስጠብቅ ተነሣ። መነጽሩን አወለቀና ከማማው ጀምሮ እየዞረ አንድ በአንድ አየ። ጀልባው ጋ ሲደርስ ብዙ ቆመ። አምስቱን አስተካክል፣ ይሄኛው ግን ይቆይ አለኝ። እንዴት ይቆያል፣ አምስቱ ተስተካክለው አንዱ ቢቀር የባሰ ያስታውቃል፣ እሑድ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ይመጡብኛል ብዬ ተከራከርኩ። ግድግዳው የእኔ ነው አለ። ከዚያ ሳልጠይቀው ነገረኝ።

ጀልባው ላይ ሳሉ ነው ሩት ትምህርቷን ከተወች ሁለት ዓመት እንዳለፋት የነገረችው። የሰው ቤት እያጸዳች ነው የምትኖረው፤ እሱን ያዞረችውም በዚያ ገንዘብ ነው። ሌዳሞም፣ ሐዋሳ ገብቼ ለሰው ምን ልበል አላት። የሰው ቆሻሻ እንድትጠርጊ አይደለም የላክሁሽ አላት። አለቀሰች። ቀዛፊው ቋንቋውን ባይሰማም ፊቱን አዞረ።

«ከዚያ ፎቶ አንሺኝ አልኳት» አለ። «እያለቀሰች አነሣችኝ። በዚህኛው ልክ ነህ።»

ለአምስቱ ነገ ጠዋት ይቀመጡልኝ፣ መነጽር የሌለው ፎቶ ስለሌለ ዓይንዎን አላውቀውም ብዬ ወጣሁ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

አምስት ራስ በአንድ ቀን። አባቴ ቢያይ በብሩሽ እንጨት ይመታኝ ነበር።

ዓይኖቹ ትንንሽ ናቸው፤ የግራው ትንሽ ይከደናል። ፊት ለፊትህ ተቀምጦ የሚያይህን ሰው መናቅ ፎቶ ላይ ካለው ይልቅ ይከብዳል። ግን መናቄን አልተውኩም፤ እሱም ረዳኝ። ዓይኑ እንዲተልቅ ጠየቀ። ግንባሩ ላይ ፀጉር ቢጨመርስ አለ። ተራራው ላይ ከሆዱ ትንሽ ቀንስልኝ አለ። የሆድ ነገር በስምምነታችን የለም አልኩት።

ሦስተኛው ራስ ላይ ስደርስ ሮም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ምን አዩ አልኩት። ውስጡ ፎቶ የለማ፣ ስልክ ከልክለው ነበር አለ። ከዚያ ጣሪያውን አየ፣ የራሱን ካፌ ጣሪያ። ስልክ ስለከለከሉኝ ቀና ብዬ ሳይ ቆየሁ፣ አንገቴ እስኪያመኝ አለ። ከላይ የተሳሉት ሰዎች መጀመሪያ የሚታይህ እግራቸው ነው፤ ሊወርዱብህ የተነሡ ነው የሚመስለው አለ። እጁን ዘርግቶ እግሮቹ እንዴት እንደታጠፉ አሳየኝ። ሰውየው በሁለት ወር ውስጥ አንድ ነገር አይቷል፣ ያየውም ስለተከለከለ ነው።

ለአዲሱ ጣሪያ የሚሆን ነገር ከሌዳሞ መማሬ ያንገበግበኛል። ግን ቤት ገብቼ እግሮቹን ነድፌያቸዋለሁ።

አምስቱ አልቀዋል። ጀልባው እንዳለ ነው።

እሑድ፣ ጥቅምት 9

ሦስት ሆነው መጡ። ዘነበችም ከቅዳሴ ተከትላቸው መጥታ ጥግ ተቀመጠች። መሪጌታ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ከማማው ጀመሩ። ቀለሙን ወደዱት። የሮሙ ጋ፣ እጅህ አልደነዘዘም አሉኝ። ተራራውን፣ አትክልቱን፣ ድልድዩን አዩ። ጀልባው የመጨረሻው ግድግዳ ላይ ነው።

ቆሙ። ወደ ድልድዩ ተመልሰው አዩ፣ እንደገና ጀልባውን አዩ።

«ይሄ ሰው እዚህ ላይ ምን አድርጎ ነው እንዲህ የሳልከው?»

አፌን ከፈትኩ። አቶ ሌዳሞ ከባንኮኒው ጀርባ ቀደሙኝ። መነጽር አላደረጉም።

«ልጄን አስለቅሼ ነው፣ አባቴ» አሉ።

መሪጌታ እሳቸውን አዩ፣ ሥዕሉን አዩ፣ ወንበር ስበው ተቀመጡና ሻይ አዘዙ። አቶ ሌዳሞ ራሳቸው ይዘውላቸው መጡ። ስለ ልጅ አወሩ፤ ስለ እኔ ምንም አላወሩም። ሲሄዱ ተነጋግረን እንነግርሃለን አሉ። በጎ ይሁን ክፉ ከፊታቸው ማንበብ አልቻልኩም።

ወደ ቤት ስንመለስ ዘነበች፣ ባይቀድሙህ ምን ልትላቸው ነበር አለችኝ። እውነቱን ልናገር ነበር አልኳት።

ደብተር ላይ እንኳ አልዋሽም። ፎቶው እንደዚያ ስለሆነ ነው ልል ነበር።