«ነፍስ ያለው አለ!»፦ የወይዘሮ ቶማዚን ናንኪቬል ሕይወት በፖርዝካሬክ ዳርቻ

ወይዘሮ ቶማዚን ናንኪቬል ከአባታቸው ከአቶ ፓስኮ ትሬዊን እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ግሬስ ሮስካሮክ በ1760 በመጋቢት ወር ማለቂያ እዚሁ ኮርንዋል፣ ፖርዝካሬክ መንደር ተወለዱ። ከስድስት ልጆች ሦስተኛዋ ነበሩ። መንደሩ ሁሉ በዓሣ ሲያድግ እሳቸው ዓሣ የማይወዱ ልጅ ሆነው አደጉ፤ ይህንንም እስከ ሰማንያ ዓመታቸው ድረስ ለማንም አልደበቁም።

ንባብ ከጸሎት ቤታችን ተማሩ። ጽሕፈት ግን አልሆነላቸውም። «የሚጻፈውን የሚጽፍ ሞልቷል፤ እኔ የሚነገረውን እናገራለሁ» ይሉ ነበር፤ ደግሞም ይናገሩ ነበር፣ ጎረቤት ይመስክር።

አሥር ዓመት ሲሞላቸው ከሴቶቹ ጋር ዓሣ ጨው ማልበስ ጀመሩ። ሕይወታቸውን ያዞረውን ቃል የሰሙትም እዚያው የጨው ቤት ውስጥ ነው፤ ቃሉም «ሬክ» ነው። ከጨው ቤቱ ሴቶች ሁሉ አንጋፋዋ እማማ ኦነር እንዲህ ብለው አስረዷቸው፦ «ሬክ ማለት ባሕር የጣለው፣ ባለቤት የሌለው ዕቃ ነው። ድሮ የንጉሥ ነበር። ንጉሡ ለባለ ርስቱ ሰጠው። ባለ ርስቱ ደግሞ ሩቅ ነው፤ እኛ ቅርብ ነን።» ይህን ሲሉ ሴቶቹ በሙሉ ሳቁ። ቀጥሎ ያሉት ግን ማንንም አላሳቀም። «ከመርከቡ ሰው ወይም ውሻ ወይም ድመት ነፍሱ ሳትወጣ መሬት ከረገጠ ሬክ አይባልም። ዕቃው ተቆልፎ ባለቤቱ ዓመት ከአንድ ቀን ይጠበቃል። የአያቶቻችን ሕግ ነው።»

ልጅቷ ቶማዚን «ታዲያ ነፍስ ያለው ከወጣ ምን እናደርጋለን?» ብለው ጠየቁ።

«አንቺ ጨውሽን ነስንሺ» አሏቸው እማማ ኦነር።

በ1778 መኸር ዓሣው ወደ ባሕራችን ሳይመጣ ቀረ። ገናን ሳናልፍ የገብሱ ዱቄት አለቀ፤ ሕፃናት መሞት ጀመሩ፤ ከወይዘሮ ቶማዚን ታናናሾችም አንዷ ሞተች። በጥር ወር፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ጉም ባሕሩን በሸፈነበት ሰዓት ስንዴና እርሳስ የጫነች «ሃና» የምትባል የብሪስቶል መርከብ ከአለቱ ጋር ተጋጭታ ተሰበረች። መንደሩ ገመዱንና ከረጢቱን ይዞ ወረደ። የአሥራ ስምንት ዓመቷ ቶማዚንም አብረው ወረዱ።

ከድንጋዮቹ መካከል አንድ ሰው በደረቱ እየተሳበ ሲወጣ ቀድመው የደረሱት እሳቸው ናቸው። «ስምህ ማነው?» ቢሉት «ኤሊስ» አለ። ትንሽ ቆይቶም «ውሃ ስጪኝ፤ ጨው የሌለው» አላቸው። «ተኛ፣ አትንቀሳቀስ፤ መጣሁ» ብለውት ወደ ቤት ሮጡ። ውሃና ብርድ ልብስ ይዘው ሲመለሱ ኤሊስ ቁርጭምጭሚት በማይደርስ ውሃ ውስጥ፣ ፊቱ አሸዋው ላይ ተደፍቶ፣ ሞቶ አገኙት። አራት አምስት ወንዶች ጀርባቸውን ሰጥተው ቆመዋል። ከነሱ አንዱ አባታቸው ነበሩ።

«ባሕር ወሰደው» አሉ አቶ ፓስኮ።

«ባሕሩ እኮ እዚያ ማዶ ነው፣ አባባ!»

«ምንም አላየሽም፣ አንቺ ልጅ። ሬክ ነው። ሂጂና እናትሽን ጥሪ፣ ስንዴው ሳይርስ።»

የአባታቸው እጅጌ እስከ ክርናቸው ርሶ ነበር። በዚያን ቀን ግን ዳርቻው ላይ ያልራሰ ሰው አልነበረም።

ከዚያ ቀን በኋላ፣ ክረምቱ እስኪያልፍ፣ ፖርዝካሬክን ረኃብ አልነካውም። ዛሬ በዚህ ጸሎት ቤት ከተቀመጥነው አብዛኞቻችን በዚያ ስንዴ ከተረፉ ሰዎች የተወለድን መሆናችንን ወይዘሮ ቶማዚን ደጋግመው አስታውሰውናል፤ በተለይ ዳቦ በምንቆርስበት ሰዓት። ኤሊስ የተቀበረው ከዳርቻው በላይ ባለው የግጦሽ መሬት ነው። ባሕር የጣለው ሬሳ በዚያ ዘመን ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር አይገባም ነበር።

ሌላም ነፍስ ከመርከቧ መውጣቷን ያወቁት ወይዘሮ ቶማዚን ብቻ ነበሩ። ማዕበሉ ከጣለው የዶሮ ቆጥ ውስጥ አንዲት ግራጫ ድመት አግኝተው በቀሚሳቸው ሸፍነው ወሰዷት፤ ጨው ቤት ውስጥም ደበቋት።

በመጋቢት የመርከቧ ባለቤቶች ሰው ላኩ። የባለ ርስቱ ሹም አቶ ትሬገንዛ መንደሩን በመጠጥ ቤቱ አዳራሽ ሰብስበው ወንዶቹን በየተራ መጽሐፍ ቅዱስ እያስያዙ ጠየቁ፦ «ከመርከቧ ነፍስ ያለው ነገር ወጥቷል?» አንዱ «አልወጣም» አለ። ሌላውም «አልወጣም»። አቶ ፓስኮም እጃቸውን ዘርግተው «አንድም አልወጣም» አሉ።

በዚህ ጊዜ ወይዘሮ ቶማዚን ቅርጫት ይዘው ገብተው ሹሙ ፊት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ክዳኑንም ከፈቱ። ሬክ ያልሆነ ዕቃ የዘረፈ ሰው እንደሚሰቀል ያውቃሉ፤ የመጀመሪያው አንገት የአባታቸው እንደሚሆንም ያውቃሉ። ለእናታቸው ጠዋት የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ኤሊስን መመለስ አልቻልኩም። የሰው ዕቃ ግን ይመለሳል።»

ድመቷ ወጥታ የሹሙን እጅ ቧጨረች። አቶ ትሬገንዛ ሳቁ።

«አንቺ ልጅ፣ ይቺን ውሰጃት! የድመቱ ነገር እኮ ቀርቷል። የለንደን ዳኞች ከቆረጡት ስምንት ዓመት ሊሞላው ነው። ከረጢቱ ላይ የባለቤቱ ምልክት ካለ ዕቃው የባለቤቱ ነው። ድመት ወጣች አልወጣች ምንም አይለውጥም። ለወግ ያህል ነው የምጠይቀው።»

ከሹሙ ሌላ የሳቀ አልነበረም። ወይዘሮ ቶማዚን ቆመው ጠየቁ፦ «ሰውስ ቢወጣ?»

«ሰውም ቢወጣ ባይወጣ ያው ነው።»

ከመርከቧ የወጡት የስንዴ ከረጢቶች ሁሉ ምልክት ነበራቸው። አቶ ፓስኮ ወደ ወንበራቸው ሳይመለሱ ወለሉ ላይ ተቀመጡ። ቃሉ ለንደን ላይ ትርጉሙን ከለወጠ ሰንብቷል፤ ለፖርዝካሬክ የነገረ አልነበረም። አንድ ሰው በሞተ ሕግ ተገድሎ ነበር።

እርሳሱ ለባለቤቶቹ ተመለሰ። የተበላው ስንዴ በረኃቡ ምክንያት በምሕረት ታለፈ፤ ማንም አልተሰቀለም። ስለ ኤሊስ የጠየቀ አልነበረም፤ ወይዘሮ ቶማዚንም ማን እንዳደረገው በስም አልተናገሩም። ጀርባቸውን ሰጥተው ከቆሙት ሰዎች መካከል ፊቱን ያዩት የአባታቸውን ብቻ ነው። ድመቷ ዘጠኝ ዓመት ኖራ መንደሩን በሙሉ ቧጭራለች።

በ1782 ወይዘሮ ቶማዚን ድንጋይ ካቢ ከነበሩት ከአቶ ዲጎሪ ናንኪቬል ጋር ተጋቡ። ባል የመረጡበትን ምክንያት ሲጠየቁ «ዋና አይችልም፤ ከባሕር ይርቃል» ብለዋል። ኤሊስን፣ ጄኒፈርን እና ሃኒባልን ወለዱ። አቶ ፓስኮ እስከ ሞቱበት እስከ 1791 ድረስ የመጀመሪያውን የልጅ ልጃቸውን በስሙ አልጠሩትም፤ «ልጁ» ይሉት ነበር። ዳግመኛም ባሕር አልወረዱም።

ወይዘሮ ቶማዚን ግን ወረዱ። ከዚያ ክረምት ጀምሮ መርከብ በተሰበረ ቁጥር ዳርቻው ላይ ቀድመው የሚገኙት እሳቸው ነበሩ። ገና ከቁልቁለቱ ላይ ሳሉ «ነፍስ ያለው አለ!» እያሉ ይጮኻሉ። ሰው ታየም አልታየም ይጮኻሉ። በሕይወት የወጣ ሲገኝ አጠገቡ ይቀመጣሉ፤ ሐኪም ወይም ሰባኪ እስኪመጣ ውሃ ለማምጣት እንኳን አይነሱም፤ ሌላ ሰው ይልካሉ። አንድ ጊዜ በጉም ውስጥ አንድ የባሕር እንስሳ በብርድ ልብስ ጠቅልለው «አይዞህ፣ ስምህ ማነው?» እያሉ ሲለምኑት ደርሰንባቸዋል። ለዓመት ሳቅንባቸው። እሳቸውም «መልስ ባይሰጥም ከአንዳንዶቻችሁ ይሻላል» አሉን።

«እማማ፣ ሕጉ እኮ ተለውጧል፤ ለምን ይጮኻሉ?» ላላቸው ጎረቤት የሰጡት መልስ ይህ ነው፦ «ሕግ ከለንደን እዚህ ለመድረስ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅበት አይቻለሁ። የኔ ድምፅ ይፈጥናል።»

ዛሬ ወጣቶቻችን ሬክ የሚሉት የተሰበረውን መርከብ ራሱን ነው። አልፈው ተርፈው ለሰካራምም ይሉታል። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የልጅ ልጃቸው ከጣሪያ ስለወደቁት አቶ ዲጎሪ «አያቴ ሬክ ሆነ» ቢል፣ ወይዘሮ ቶማዚን በያዙት ጭልፋ መቱት። «ሰው ሬክ አይሆንም! ባለቤት አለው!» አሉት። ልጁ ዛሬም ነገሩ አልገባውም፤ ጭልፋው ግን ገብቶታል።

ወይዘሮ ቶማዚን ካለፈው መስከረም ጀምሮ በደረት ሕመም ሲሠቃዩ ቆይተው፣ ማክሰኞ ኅዳር 23 ቀን 1841 በተወለዱ በሰማንያ አንድ ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸው አቶ ዲጎሪ እና ልጃቸው ሃኒባል ቀድመዋቸዋል። ከሁለት ልጆቻቸው ሌላ አሥራ አራት የልጅ ልጆች ትተዋል። በየአገሩ ደግሞ ከአጠገባቸው ሳይነሱ ያተረፏቸው መርከበኞች አሉ፤ የብዙዎቹን አድራሻ ስለማናውቅ አላረዳናቸውም። በኑዛዜያቸው መሠረት የሚቀበሩት ከአባታቸው ጎን ሳይሆን በግጦሹ መሬት፣ ከኤሊስ አጠገብ ነው። ይህ የሕይወት ታሪክም ሳይቀነስ እንዲነበብ ያዘዙት ራሳቸው ናቸው።

ከዚህ በታች ያለው ወረቀቱ ከታተመ በኋላ ዛሬ ጠዋት በእጅ የተጨመረ ነው። ነፋሱ ከረቡዕ ጀምሮ ከደቡብ ምዕራብ እየነፈሰ ነው። ጎሕ ሲቀድ ባለ ሁለት ምሰሶ መርከብ «አፍንጫው» ከምንለው ቋጥኝ አልፋ ወደ ዳርቻችን ገብታ ታይታለች፤ የምትወጣበት መንገድ የላትም። ዘንድሮም ዓሣው እንዳልመጣ ሁላችን እናውቃለን። አንዳንዶቻችን ገመድና ከረጢት በበር ላይ አስቀምጠን ወደዚህ እንደገባን አይተናል። ከቀብሩ በኋላ እንወርዳለን። ከቁልቁለቱ ላይ ማን እንደሚጮኽ ግን ስንጠያየቅ አርፍደን እስካሁን አልተስማማንም።

እግዚአብሔር የወይዘሮ ቶማዚን ናንኪቬልን ነፍስ በእጁ ይቀበል። ከእኛም ለአንዱ ድምፅ ይስጠው። አሜን።