ካሪ የሚሉት ቃል

ገላባት፣ ኅዳር ፲፱፻፴፫ ዓ.ም.

ለእናቴ ለወይዘሮ አገኘሽ፣ ገዳሪፍ

እንዴት ሰነበቱልኝ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። እዚህ ለእንግሊዞች እሠራለሁ። መሸከሙም ማዘሉም መታቀፉም ለእነሱ አንድ ቃል ነው፤ «ካሪ!» ይላሉ። አለቃዬ መጀመሪያ ወደ አንድ ቁስለኛ ጠቁሞ «ካሪ!» ሲለኝ እንደ ሕፃን አዘልሁት። ሐኪሙ ጮኸብኝ፤ ለካ በቃሬዛ ኖሯል። አሁን ለምጃለሁ።

ታናሼ ሸጋው ያለበት የአርበኞች ጦር ቁስለኛ በላከ ቁጥር ቀድሜ እደርሳለሁ፤ ጋቢውን ከፊቱ ገልጬ ሳላይ ቃሬዛ አላነሣም።

የሰሊጥ አጨዳ ደርሷልና ና ብለው ልከውብኛል። አልመጣም፤ ሰው ይቅጠሩ። ሸጋውን በልጅነቱ ያዘልሁት እኔ ነኝ፤ ዛሬም ለሌላ ሰው አልተውም።

ጉልበትዎን ስሜያለሁ።

ልጅዎ ፈረደ