የሼፉ ቢላዋ

ጥቅምት 4
ሚስቴ ከተዘጋው ጣውላ መሰንጠቂያ አሮጌ ክብ መጋዝ ተሸክማ መጣች። ዝገት በዝገት… እሷ ግን በመዶሻ ኳ አድርጋ ድምፁን ሰማችና ፊቷ በራ። "ብረት ማለት ይሄ ነው!" እኔን አይታ እንዲህ የበራችው መቼ ነበር? እንግዲህ በዝገትም መቅናት ጀመርኩ።
ከዚህ መጋዝ መጀመሪያ የሚወጣው ቢላዋ ለሆቴሉ ሼፍ ነው። ስለቱን እሷ፣ እጀታውን እኔ። እንደ ሁልጊዜው።

ጥቅምት 6
ሼፉ መጣ። ሽቶ ተቀብቶ! ቢላዋ ለማዘዝ ሽቶ ምን ይሠራል?
የእጀታው ልክ እንዲወጣ ደንበኛውን እርጥብ ሸክላ እናስጨብጠዋለን። ጨበጥ አድርጎ ይለቃል፣ አለቀ። የዚህን ግን ጣቶቹን አንድ በአንድ እየያዘች ታጥፍለታለች። "ቀስ… ቀስ በል…" አንተ ትለዋለች! በበሩ ክፍተት ነው ያየሁት። ስገባ ሁለቱም ዝም አሉ።

ጥቅምት 7
"ምን ስታወሩ ነበር?"
"ስለ ቢላዋ።"
ሌላ ምን ትበል?

ጥቅምት 11
ስለቱን ከእሳት አውጥታ ዘይት ውስጥ ነከረችው። ሞረድ ብታስነካው አልበላው አለ፤ ጠንክሯል። እንዴት ያምራል! ለእሱ መሆኑ ነው እንጂ…

ጥቅምት 13
እጀታውን ጨረስኩ። የእጁ ቅርጽ ያለበትን ሸክላ ዞር ብዬም አላየሁት። ማየት አስጠላኝ። በራሴ እጅ እየለካሁ ቀረጽኩ፣ ሞረድኩ፣ ቸነከርኩ። ደስ ይላል።

ጥቅምት 15
ሼፉ ቢላዋውን ገና ከመጨበጡ አመለጠው። እግሩን ለጥቂት ሳተው። ፊቱ አመድ መሰለ።
ሚስቴ አነሳችና እጀታውን አገላብጣ አየችው። "እስቲ አንተ ያዘው።" ያዝኩት። እጄ ላይ ቁጭ አለ።
"የማን ልክ ነው ይሄ?"
መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ…
ሼፉ እጁን ዘረጋልኝ። አውራ ጣቱ አይታጠፍም። የፈላ ዘይት አቃጥሎት ነው። ከሽቶው ሥር የቁስል ቅባት ይሸታል።
"ሆቴሉ ከሰማ ያባርረኛል። ለማንም እንዳትናገሪ ብዬ ለምኛት ነው። አይፍረዱባት፣ ጋሼ።"
ጋሼ! ይቺም አለች።

ጥቅምት 17
ችንካሩን ሰርስሬ እጀታውን ፈታሁ። ሼፉን አስጠርቼ አጠገቤ አስቀመጥኩት፤ ጨበጥ ሲያደርግ እያየሁ ቀረጽኩለት። ሦስቴ አስተካከልኩ። አሁን አያመልጠውም። አመስግኖ ሄደ። ደግ ልጅ ነው… ይኸው፣ መልኩም ያምራል።
ሥራ ስንዘጋ "ቀንቼ ነበር" አልኳት።
"በእሱ?"
"በእሱ።"
መጥረጊያውን አስቀመጠች። "የለም። እሱንማ አታውቀውም። የጠረጠርከው እኔን ነው።"
መጥረጊያውን አንስቼ እሷ የጠረገችውን ደግሜ ጠረግኩ።
ቁልፉን ብረት መቆንጠጫው ሞርሳ ላይ ትታልኝ ወጣች። ወደ ቤት ሁሌ አብረን ነበር የምንሄደው።